ማንጠግቦሽ አርባ ሰው ያሰረችበት ገና

ወሬው እንዲህ ነው። ማንጠግቦሽ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ባለው ምግብ ቤቷ ገና ዕለት አርባ ትልልቅ ሰው እጁን የፊጥኝ አሰረች፤ የሕፃናቱን ጉሮሮ በማስመሪያ ለካች፤ ፈንዲሻ ይዞ የተገኘን ሁሉ ከግቢ አባረረች፤ አቶ ሐብተማርያምን የሚያህሉ ሽማግሌ ደግሞ በአሥራ አራት ሕፃን አስከብባ በጉርሻ ልታስገድላቸው ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፉት።

የወሬው ባለቤት ረታ ነው። ረታ ታክሲ ይነዳል። አንድ ወሬ ከኪሊማኒ ተሳፍሮ ጊጊሪ እስኪወርድ ድረስ በረታ መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ይወልዳል፤ መንገድ ከተዘጋማ የልጅ ልጅ ያያል። ስለዚህ መጠራጠር ተገቢ ነው። አንደኛ ነገር፣ አርባ ሐበሻ በተቀጠረበት ሰዓት አንድ ቦታ ተገኝቶ አያውቅም፤ ሰርግ እንኳ ሲሆን ግማሹ የሚደርሰው ሙሽሮቹ ጫማቸውን ካወለቁ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ የገመዱ ነገር አለ። በማንጠግቦሽ ጓሮ የሚታወቀው ገመድ የልብስ ማስጫው ብቻ ነው፤ እሱ ቢበዛ ስድስት ሰው ያስር ይሆናል፣ ያውም ቀጫጭን ከሆኑ። እጁ የታሰረ ሰውስ ዶሮ ወጥ በሸተተበት ቤት ምን ሊሠራ ይቀመጣል?

ግን ደግሞ ማንጠግቦሽን የሚያውቅ ሰው ወሬውን ሙሉ በሙሉ ለመጣልም ይቸገራል።

ማንጠግቦሽ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ናይሮቢ የመጣችው እህቷን ጠይቃ በሦስት ሳምንት ልትመለስ ነበር። እህቷ ካናዳ ሄደች፤ እሷ ከድስቶቹ ጋር ቀረች፤ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሆናት። ስዋሂሊዋ የወጥ ቤት ስዋሂሊ ነው፤ አምጣ ለማለት «ሌታ»፣ እጠብ ለማለት «ኦሻ»፣ ቶሎ በል ለማለት «ሃራካ»፤ በቃ። የንግድ ፈቃዷንም ያወጣችው በነዚህ ሦስት ቃላት ነው ይባላል፤ ጸሐፊዋ ፈርታ ፈረመችላት። አልወለደችም። ግን በከተማው ያለ ሐበሻ ሴት ልጅ ወልዶ ሰማንያ ቀን ሲደርስ ክርስትና እናት ሁኚልኝ ብሎ የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። አሥራ አንድ ልጆች ክርስትና አንስታለች። ከሁሉ የመጨረሻዋ ሐሊና ናት። ስለ ሐሊና ሲሆን ማንጠግቦሽ ገመድ ባይኖራት እንኳ ታበጃለች።

የሐሊና እናት ሠናይት ናት፤ ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ትሠራለች፣ ሩንዳ ትኖራለች። ጣጣው የጀመረው ባለፈው ዓመት ገና፣ በዚሁ በማንጠግቦሽ ምግብ ቤት ነው። ሐሊና ያኔ ዓመት ከመንፈቋ ነበር። አቶ ሐብተማርያም እንደ ልማዳቸው ከሕፃን ሕፃን እየዞሩ ያጎርሱ ነበር።

ስለ አቶ ሐብተማርያም ጉርሻ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አቶ ሐብተማርያም ኮትና ከዘራ የማይለያቸው የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ሁሉም ጋሼ ሐብቴ የሚላቸው። ሠናይት ስትዳር ወላጆቿ አዲስ አበባ ስለነበሩ አባት ሆነው የዳሯት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው ፍቅሩን በአፉ ይናገራል፤ እሳቸው በሰው አፍ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጉርሻቸው ከመካከለኛ ብርቱካን አይተናነስም። አንድ ጊዜ ያጎረሱት ሙሽራ ለሚዜዎቹ መልስ መስጠት የጀመረው በማግስቱ ነው።

ያን ዕለት ለሐሊና የደረሳት ግማሽ የዶሮ ወጥ እንቁላል በእንጀራ ተጠቅልሎ ነው። ጋሼ ሐብቴ አጉርሰው ወደሚቀጥለው ልጅ ዞሩ። ሐሊና ከጀርባቸው ፊቷ ጠቆረ፣ ድምፅ ጠፋት። ማንጠግቦሽ ከወጥ ቤት በምን እንደደረሰች ማንም አላየም፤ ልጅቷን በክንዷ ላይ በሆዷ ደፍታ ጀርባዋን ስትመታ፣ በአራተኛው ምት እንቁላሉ ወጥቶ ማዕዱን ሊባርኩ የመጡት ቄስ ጫማ ላይ አረፈ። ልጅቷ አለቀሰች። እናቷ የባሰ አለቀሰች።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣ ጉባኤው አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፦ ፈንዲሻ ነው። እንቁላሉን ሁሉም አይቷል፤ ቄሱ እንዲያውም ጠርገውታል። ግን ማን ነው ጋሼ ሐብቴን «ልጅቷን ሊገድል የነበረው የእርስዎ እጅ ነው» የሚላቸው? ፈንዲሻ ደግሞ አይቀየምም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር፣ በየለቅሶው በየማኅበሩ፣ ስለ ፈንዲሻ አደገኛነት ሲያስተምሩ የከረሙት ራሳቸው ጋሼ ሐብቴ ናቸው። ሰውም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማቸዋል።

ሠናይት ልጇን ዳግመኛ ሐበሻ ከተሰበሰበበት አላመጣችም። ዓርብ ዓርብ እንጀራ ልትወስድ ትመጣለች፤ ሐሊና ግን ከመኪናው አትወርድም፣ መስኮቱም አይከፈትም። ማንጠግቦሽ እንጀራውን አስረክባ መዳፏን መስታወቱ ላይ ታደርጋለች፤ ሐሊና ከውስጥ መዳፏን ትለጥፍላታለች። እስረኛ መጠየቅ ነው የሚመስለው፤ እስረኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ብቻ አይለይም።

በኅዳር አንድ ዓርብ ማንጠግቦሽ መዳፏን ከመስታወቱ ላይ ሳታነሳ፣ «ለገና የሕፃናት ግብዣ ላዘጋጅ ነው፤ ልጄን ይዘሽልኝ ነይ» አለች።

«እስቲ እናያለን፣ እትዬ። ጉንፋን ይዟታል።»

«ዓመቱን ሙሉ?»

«የናይሮቢን ጉንፋን ያውቁት የለ።»

«አውቀዋለሁ እንጂ። ኮት ይለብሳል፣ ከዘራ ይይዛል።»

ሠናይት መሪውን ማየት ጀመረች። «እኔ ምንም አላልኩም፣ እትዬ።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ከዚያ ሠናይት ከቦርሳዋ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣች፤ ከመሥሪያ ቤቷ ያተመችው ነው፣ በበዓል ግብዣ ለሕፃናት ምን ይቀርባል ምን አይቀርብም የሚል። «በዚህ መሠረት ከሆነ እመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት» አለች።

እንግሊዝኛውን የተረጎመው ረታ ነው፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ።

«ፈንዲሻ የለም። ለውዝ የለም። ቆሎ... ቆሎ አላለም፤ ፈረንጅ ቆሎ አያውቅም፣ ቢያውቅ ግን ይከለክል ነበር።»

«ቆሎን አስገባበት» አለች ማንጠግቦሽ።

«ጠንካራ ከረሜላ የለም። የወይን ፍሬ በቁመቱ አራት ቦታ ይሰንጠቅ። ሶሴጅ ክብ ክብ ተደርጎ አይቆረጥም። ጥሬ ካሮት የለም። ፊኛ የለም።»

«ፊኛ ማን ይበላል?»

«ሕፃን የማይበላው ነገር የለም ነው የሚለው ወረቀቱ። ሲፈነዳ ቁራጩ ጉሮሮ ይዘጋል።» ገጽ ገለበጠ። «ትኩስ ነገር ይቀዝቅዝ። እጅ ይታጠብ። እንቁላልና ወተት የማይስማማው ልጅ ካለ እናቱ ቀድማ ትጠየቅ። ታዲያ ምን ቀረ? ዳዊት መድገም? እኔ ብሆን ክትፎ ነው የማቀርበው። ጥርስ ላልጨረሰ ሰው ከክትፎ የሚሻል ምን አለ?»

«ጥሬ ሥጋ ለሁለት ዓመት ልጅ? አንተ ራስህ በዓመት ስንቴ ነው ኮሶ የምታወርደው?»

ረታ ወደ ገጹ ተመለሰ። «ሕፃናቱ ሲበሉ ይቀመጡ፣ አይሩጡ። ትልቅ ሰው ከአጠገባቸው አይለይ።»

ማንጠግቦሽ እዚህ ላይ ወረቀቱን ተቀበለችው። እንግሊዝኛውን ማንበብ ባትችልም አገላብጣ አየችው። «ጉርሻ የሚል አለበት?»

«የለበትም።»

«አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ?»

«አንድም ቦታ።»

«ይሄ ወረቀት አደጋ ሲመጣ ትልቅ ሰው ያድናል ነው የሚለው» አለች ማንጠግቦሽ። «የኛን ትልቅ ሰው አያውቀውም።»

አሥራ ሁለተኛውን ገጽ በዚያ ሳምንት በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ጻፈችው።

ምግቡ ብቻውን መከራ ነበር። ሙከራው የዋለው የገና ጾም ውስጥ ነው። ማንጠግቦሽ አይብ ትሠራለች፣ ዶሮ ትቀቅላለች፣ እንቁላል ትፈረፍራለች፤ ግን ቀማሽ የለም፤ ራሷም ጣቷን አትልስም። ደንበኛው ሁሉ ጾመኛ ነው፤ የማይጾመውም የሚጾም መምሰል አለበት። የቀረው የግቢው ዘበኛ ኦቲዬኖ ነው። ኦቲዬኖ የቀረበለትን ሁሉ በልቶ «ሳዋ ሳዋ» ይላል፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። አንድ ቀን ጨው የረሳችውን አቀረበችለት፣ ሳዋ ሳዋ። ስኳር የረሳችውን፣ ሳዋ ሳዋ። በሦስተኛው ሳምንት የዩኒፎርሙ ቁልፎች አንድ በአንድ መብረር ጀመሩ፤ ሌባ ቢመጣ በቁልፍ ነበር የሚመታው። በመጨረሻ የሁለት ዓመት ልጁን ይዞ እንዲመጣ ተነገረው። ልጅቷ ሐቀኛ ነበረች። ከቀረቡላት አሥራ አራት ዓይነት ዘጠኙን መሬት ላይ ተፋቻቸው። ማንጠግቦሽ ግንባሯን ስማ የተረፉትን አምስት መዘገበች።

አጥንቱ ወጥቶ በጣት የተበጣጠሰ፣ በርበሬ ያልነካው የዶሮ አልጫ፣ በለሰለሰ እንጀራ እንደ ትንሽ ጣት ተጠቅልሎ፣ እሱም ተቆራርጦ። በኮከብ ቅርጽ የተጫነ አይብ። የተፈጨ ስኳር ድንች። ተልጦ በስሱ የተቆረጠ የበሰለ ማንጎ። ቅርፊቱ የተነሳለት ድፎ ዳቦ። እያንዳንዷን ቁራጭ ከሐሊና የትንሽ ጣት ጥፍር ጋር ታስተያያለች፤ ጥፍሩን በመስታወት በኩል እያየች አጥንታዋለች። እጇ ሲደክም ግን ዓይኗን ስላላመነች አንዲት የፕላስቲክ ማስመሪያ ገዝታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ማስመሪያዋ ከወሬው ውስጥ ያለች እውነት ናት።

የቀረው ፈንዲሻ ነው። ፈንዲሻ ያልተበተነበት በዓል ደግሞ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ስለዚህ ነጭ ለስላሳ ኬክ ጋግራ በእጇ እየፈረፈረች በገበታው ላይ በተነችው። ከሩቅ ሲያዩት ፈንዲሻ፣ አፍ ሲገባ ደመና።

ገና ቅዳሜ ዋለ። አሥራ አራት ሕፃንና አርባ ያህል ትልቅ ሰው መጣ፤ ዶሮ አለ ስለተባለ በሰዓቱ። ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ ምንጣፍ ተነጥፎ አጫጭር ጠረጴዛ ተደርድሯል። እንቁላል የማይስማማው አንድ ልጅ ነበር፤ እጁ ላይ ቀይ ክር ታስሮለት፣ ኬክ የሌለበት ሳህን ለብቻው ተቀመጠለት። በዚያ ቤት ያን ቀን የታሰረው እጅ ይሄ ብቻ ነው።

ትልልቆቹን ማንጠግቦሽ በር ላይ ተቀበለቻቸው። «ልጆቹ ምንጣፍ ላይ የሚወጡት ያለ ጫማ ነው» እያለች ለእያንዳንዱ ሰው በቀኝ እጁ የጠጅ ብርሌ፣ በግራ እጁ የልጁን ጫማ ታስይዘዋለች። አንዱ እግር ለእናት፣ አንዱ ለአባት። ልጅ ለሌለው እንግዳ የሌላ ሰው ልጅ ካልሲ። ወንበሩ ሁሉ ወደ ጓሮ ስለወጣ ማስቀመጫ የለም። በአንድ እጁ ጠጅ፣ በሌላው የሕፃን ጫማ የያዘ ሰው ደግሞ ሊያጎርስ አይችልም፤ ጠጁን እንዳያስቀምጥ ጠጅ ነው፣ ጫማውን እንዳይጥል የሰው አደራ ነው።

«ይሄ ካልሲ እርጥብ ነው» አለ ረታ።

«ያዘው ብቻ» አለችው።

ለጋሼ ሐብቴ ድፎ ዳቦው ነበር የተዘጋጀው። ሽማግሌ ዳቦውን ይዞ መርቆ ይቆርሳል፤ ወግ ነው፣ ማን እምቢ ይላል። ዳቦው ግን ስምንት ኪሎ ነበር። የጋሼ ሐብቴ ምርቃት ከሃያ ደቂቃ አንሶ አያውቅም፤ አገር ሰላም ይሁን ብለው ጀምረው ሁሉንም በየስሙ ያዳርሳሉ። ያን ቀን በአራተኛው ደቂቃ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አገሩ ሰላም ሆነ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ አሜን። የናይሮቢ ሐበሻ እንዲህ ያለ አጭር ምርቃት ሰምቶ አያውቅም፤ ብዙ ሰው አሜን ሳይል አለፈው።

ሠናይት በር ላይ ቆማለች፤ ጠጅም ጫማም አልተቀበለችም፣ የመኪናዋን ቁልፍ ከእጇ አላወጣችም። ሐሊና ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ሐብቴ ዳቦውን አስቀመጡ፤ እጃቸው ነፃ ወጣ። ወደ ገበታው አዩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ጋሼ ሐብቴ፣ እዚህ» አለች ማንጠግቦሽ፣ በሕፃናቱ መካከል ያለች አንዲት አጭር በርጩማ እያሳየች። ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከጆሯቸው ጋር እኩል ሆነ። «ዛሬ የሚያጎርሱት ልጆቹ ናቸው። ታላቅን ነው የሚያጎርሱት።»

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ወግ ነው?»

«የኪሊማኒ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካሁን።»

መጀመሪያ የመጣችው የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ነበረች፤ ስኳር ድንች በጭብጧ ሙሉ። ጋሼ ሐብቴ ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር መሆኑን ለትውልድ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለተኛው አይብ ይዞ መጣ፣ ሦስተኛው ማንጎ፣ አራተኛው ማንጎና ከምንጣፉ ላይ ያገኘውን አንድ ነገር። ሕፃናት ደስ ሲላቸው ተራ አያውቁም። ዶሮው፣ ኮከቡ፣ ዳቦው፣ አንድ ጣት አብሮ። ጋሼ ሐብቴ ለመናገር ሲሞክሩ የተከፈተው አፍ ለሌላ ጉርሻ ግብዣ ይመስል ነበር። ጫማ የያዘው ጉባኤ በሳቅ ጠጁን አፈሰሰ።

በዘጠነኛው፣ ከሁለት ወገን የመጣ ኬክ በአንድ ጊዜ ገባ፤ ጋሼ ሐብቴ ትን አላቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ። እጃቸውን አወራጩ።

ቀድማ የደረሰችው ሠናይት ናት። የመኪና ቁልፉን ወርውራ፣ ሽማግሌውን ወደ ፊት ደፋ አድርጋ፣ በመዳፏ ጀርባቸውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው ኬኩ ወጣ። ቄሱ ዘንድሮ ጫማቸውን ቀድመው አሸሽተው ነበር።

ጋሼ ሐብቴ እንባቸውን ጠርገው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ «ፈንዲሻ ነው?» አሉ።

«ኬክ ነው፣ አባባ» አለች ሠናይት። እጇ ገና ጀርባቸው ላይ ነበር።

«ያምናውስ?»

አርባ ሰው በእጁ የያዘውን የሕፃን ጫማ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ለማወቅ አቀረቀረ።

«እንቁላል ነበር» አለች።

«የማን?»

ሠናይት ከንፈሯን ነከሰች። ማንጠግቦሽ ከወጥ ቤቱ በር ላይ አየቻት፤ አልረዳቻትም፤ ይህን ብቻ ማንም ሊጎርስላት አይችልም።

«የእርስዎ፣ አባባ።»

ጋሼ ሐብቴ ቀኝ እጃቸውን አዩት፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ። «ዓመቱን ሙሉ ስለ ፈንዲሻ ስለፈልፍ ዝም ብላችሁ ነው የሰማችሁኝ?»

«ደስ ይልዎት ስለነበር ነው» አለ ረታ፣ ካልሲውን እንደያዘ።

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ሐብቴ ጎንበስ ብለው ከሳህኑ ላይ አይብ በጥፍራቸው ቆነጠሩ፤ አንዲት ፍሬ ምስር የምታህል። «ሠናይት፣ ልጄ» አሉ፤ «ይፈቀዳል?»

ሠናይት ወደ ማንጠግቦሽ ዞረች። ማንጠግቦሽ መጥታ ከሽርጧ ኪስ ማስመሪያዋን አወጣች፤ የጋሼ ሐብቴን ጣት አስጠግታ ለካች፤ «ያልፋል» አለች።

ሐሊና አፏን ከፈተች። አላመጠች። ዋጠች። ቤቱ በሙሉ ከእሷ ጋር ዋጠ። ከዚያ ከሞግዚቷ በለመደችው ስዋሂሊ፣ ጨምርልኝ ለማለት፣ «ኢንጊኔ» አለች።

ጋሼ ሐብቴ ሃያ ሰባት ምስር አጎረሷት። ሠናይት የመኪና ቁልፏን ከጠረጴዛ ሥር ፈልጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ግማሽ ሰዓቷም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዘለቀ። ሐሊና ፀጉሯ ላይ አይብ እንዳለ ማንጠግቦሽ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ማንጠግቦሽም እግሯ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰችም።

በሚቀጥለው ዓርብ መኪናው ሲቆም መስኮቱ አልነበረም የተከፈተው፤ በሩ ነው። ያን ጊዜ ረታ ምግብ ቤቱ ውስጥ ለሁለት አዲስ መጤዎች ወሬውን እየተረከ ገመዱ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ ሐብቴ ጥግ ላይ ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ ዳቧቸውን በምስር በምስር እየቆነጠሩ።

«ይኸው ባለቤቷ መጣች፣ ራሷን ጠይቋት» አለ ረታ። «እትዬ፣ አርባ ሰው አላሰርሽም?»

ማንጠግቦሽ ሐሊናን ታቅፋ ገባች። ጋሼ ሐብቴን አየች፣ ረታን አየች፣ አዲስ መጤዎቹን አየች።

«ማንንም አላሰርኩም» አለች። «አርባ ሰውም አልመጣም። ማስመሪያ የሚባል ነገር በቤቴ የለም። ፈንዲሻ እንደ ልብ ነበር። ጋሼ ሐብቴንም ያጎረሳቸው የለም፣ ትንም አላላቸውም። ጉንፋን ነው።»